ከርብ ድልድይ ወዲያ የቀረው ድንጋይ

ወረታ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሞዝ፤

ባሉበት መንገድ ሁሉ ሰላምዎ ይብዛ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጤና አለኝ ማለቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም ይባርክዎታል። እናቴም ስምዎ በተነሣ ቁጥር እንደምትለው «ያ ልጄን መኪና ያስጨበጠ» ብላለች፤ ዘንድሮ ምርቃት ይሁን ወቀሳ መለየት አልቻልኩም።

ስልክዎን ደጋግሜ ሞከርኩ። እዚህ ኔትወርክ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል፤ በመጣ ቀን ደግሞ የእርስዎ ዝግ ነው። ስለዚህ ይህን በሾፌሩ በአበረ እጅ ልኬዋለሁ። ወረቀቱን ስሰጠው «በዚህ ዘመን ደብዳቤ? ጋሼ ደሞዝን ልታገቢው ነው?» ብሎ ማደያው ውስጥ ያለውን ሾፌር ሁሉ አሳቀብኝ። ፊቴን ሲያይ ግን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

በእሱ የላኩልኝን ጥያቄ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ልጁ ሞቷል። ደስታው ይባላል፤ የይፋግ ልጅ ነው። ባጃጁን ባዶውን ይዞ ከወረታ ወደ ቤቱ ሲመለስ አስፋልቱ ላይ የቀረውን ድንጋይ መታ። ባጃጁ ተገልብጦ ውኃ የሞላበት ቦይ ውስጥ ገባ። ሲያወጡት ትንፋሽ አልነበረውም። «ተሳፋሪ አለመጫኑ በጀ» ይሉኛል ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች። 

የማን ድንጋይ እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም የዚያን ቀን ነገር ልጻፈው። እርስዎ ረስተውታል ብዬ አይደለም፤ እዚህ ሁሉም የየራሱን ሲነግረኝ የእኔው እንዳይጠፋብኝ ነው።

በነሐሴ መጀመሪያ ከርብ ድልድይ ወዲያ፣ ይፋግ ሳልደርስ፣ የተሳቢዬ ጎማ ፈነዳ። ያስተማሩኝን አደረግሁ፤ ከአስፋልቱ አልወረድኩም። በክረምት የፎገራ ጥቁር አፈር ጭነት መኪና እንደሚውጥ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ከኋላዬ ስለነበሩ መጥተው ቆሙልኝ። ሜዳው ላይ ድንጋይ ስለማይገኝ ከዓለም በር ቁልቁለት ጭነው የሚዞሩትን ከመኪናዎ አወረድንና ለሚመጣ መኪና ምልክት እንዲሆን ከኋላዎ ራቅ አድርገን አስፋልቱ ላይ ደረደርነው። ጎማውን ስንቀይር ሩዝ የሚያርሙ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩን ነበር። አንዱ «እቺ ሴት ናት እንዴ?» ሲል እርስዎ «አይ፣ ጳጳስ ናት» ብለው መለሱለት። ስንጨርስ ከጣና በኩል ደመናው ጠቁሮ ነበር። ድንጋዩን ላነሣ ወደ ኋላ ስሄድ ክንዴን ያዙኝ። «አንቺ ሂጂ፣ ዝናቡ ሳይዝሽ። ድንጋዩ የእኔ ነው፣ አነሣዋለሁ» አሉኝ። ሄድኩ።

ትራፊክ ፖሊሱ አራሚዎቹን ሲጠይቃቸው ሁሉም ያዩት ሴት ሾፌር ነው። እርስዎን ረዳቴ አድርገው ቆጥረዋል፤ ሁለተኛ መኪና መኖሩን አንድም ሰው አላስታወሰም። ሁለታችንም የምንነዳለት ድርጅትም በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ሌላ መኪና አላሰማራሁም ብሏል። መንጃ ፈቃዴ ተይዟል፤ ከሥራ ተሰናብቻለሁ። ከኋላዬ ሌላ ሾፌር እንደነበር ተናግሬአለሁ። ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ራሱ ይመጣል» አልኩ። ልጅ ለሞተበት ቤተሰብ የሰው ስም መስጠት ምን እንደሚያስከትል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የምለምንዎት ይህን ብቻ ነው፤ ይምጡና «እኔ ነበርኩ፣ አነሣዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» ይበሉ። ሌላውን ለእኔ ይተዉት።

አመተ ሥላሴ

ሚሌ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአመተ ሥላሴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? መሪጌታ እንደምን ናቸው? የእናትሽ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? ወንድሞችሽስ? ሩዙ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ ጎርፉ አልጎዳውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የዚህ አገር ሙቀት ብቻ ነው። ቀን ቀን መኪናው ሥር ተኝተን እንውላለን። ትናንት አንዲት ግመል መጥታ የአበረን የምሳ ፌስታል ይዛ ሄደች፤ እሱ ሲሮጥ ብታዪው ትስቂ ነበር።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። እጄ መሪ እንጂ ብዕር አልለመደም። ደግሞም ወረፋ ነው፤ ጭነት ይመጣል ሲሉን ይቀራል።

ስለ ድርጅቱ ለጻፍሽው በሐቅ ልንገርሽ። አዝነሽበታል፣ አልፈርድብሽም። ግን ክፉ አይደሉም። እኔ ጋላፊ ላይ የተገለበጥኩ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ውሏል። ገላነሽ የታመመች ጊዜ «ሚስትህ ትበልጣለች፣ መኪናውን ባዶውን ይዘህ ሂድ» ያለኝ ይኸው አንለይ ነው፤ አንቺ የምትጠዪው የስምሪት ኃላፊ። አፉ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም። ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ ሌላ ቦታ ማን ይህን ያደርግልኛል? አንቺ ቶሎ ትቆጫለሽ። የተማረ ሰው ሲናገር ቃሉ ይከብዳል፣ ሰውም ይፈራዋል።

ያልሽው ጉዳይ በደብዳቤ አይሆንም። ለኅዳር ሚካኤል ሐሙሲት ቤቴ እገባለሁ፤ ያኔ ወረታ መጥቼ ፊት ለፊት እንነጋገራለን። እስከዚያ ለማንም ምንም አትበይ። የነገርሽው ሰው ካለም ንገሪኝ።

ገላነሽን ካየሻት ሰላም በያት። አታስጨንቂያት።

ደሞዝ ገበያው

ወረታ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሞዝ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሙቀቱን አነበብኩ፤ ግመሏን አነበብኩ፤ የእናቴን ጉልበት ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፣ አልተሻላትም። «ድንጋይ» የሚለውን ቃል ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት። የለም።

ለማን እንደተናገርኩ ጠይቀዋል። ለማንም። አባቴ እንኳ ከኋላዬ የነበረው ሾፌር እርስዎ መሆንዎን አያውቅም። ገላነሽን ሐሙስ ገበያ ላይ አግኝቻታለሁ። ስማኝ አለቀሰች፤ «የማን ዐይን በላሽ ልጄ» አለችኝ። ሰላምታዎን አደረስኩ። ሌላ አልነገርኳትም፤ ቅርጫቷን ተሸክሜ እስከ ባጃጅ ተራው ሸኘኋት።

አሁን ስለ ድርጅቱ። ያ የነገሩኝ ድርጅት የት እንደሚገኝ ቢነግሩኝ ሄጄ እቀጠር ነበር። የእኔው ሌላ ነው። የእኔው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምሕንድስና የተማረች ሴት ሾፌር አለችኝ ብሎ አዲስ መኪና ላይ አስቁሞ ፎቶ አነሣኝ፤ ፎቶው በቀን መቁጠሪያ ታትሞ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰቀለ። በማግስቱ ከአዲሱ መኪና አውርዶ አሮጌውን ሰጠኝ። በግቢው ውስጥ የሴት መጸዳጃ ቤት ስለሌለ ማደያው ድረስ እሄድ ነበር። ሲመሽ የጋቢናውን በር ከውስጥ በሽቦ አስሬ እተኛ ነበር፤ ሌባ ፈርቼ እንዳልነበረ እርስዎም ያውቃሉ፣ ማንን እንደሆነም ያውቃሉ፤ ያንኑ ልቡ ክፉ አይደለም ያሉትን ሰው ነው፤ «ቀልደኛ ነው፣ ተይው» ብለውኝ ነበር። አበረ ደግሞ ሦስተኛ ድርጅት አለው። «ለእኔ ድርጅቱ የጋቢና በር ነው፤ ስገባ አለ፣ ስወርድ የለም» ይላል። እሱ አልጋ ላይ ሲወድቅ መጥቶ የሚቀመጥለት የለም።

ቶሎ ትቆጫለሽ ብለዋል፤ አዎ፣ በአቶ አንለይ ላይ ጮኼአለሁ። የዚያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ጎማውን አሳየሁት። ሽቦው ወጥቶ ነበር።

«ይህ ጎማ አይሄድም» አልኩት።

«ኧረ እናትዋ፣ ገና ሁለት ዙር ይሄዳል።»

«እንግዲያ እርስዎ ይንዱት።»

«ዲግሪ አለኝ ትይ የለ? እሱን ግጠሚበት» አለኝ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እርስዎ አልነበሩም እንጂ ቢኖሩ አይስቁም ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ዛሬም አምናለሁ።

አሁን ድርጅቱ አቶ አንለይን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አባቴ ልኮታል። የእርቁን ወጪ እንችላለን፣ ነገሩ በአገር ሥርዓት ይለቅ ይላል። ለምን እንደቸኮሉ ገብቶኛል። እርስዎ ከመጡ ስለ ድንጋዩ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ «ለምን ቆማችሁ?» ይባላል፣ ከዚያም ጎማው ይነሣል። እኔ ብቻዬን ከቀረሁ ግን ጎማም የለ፣ ድርጅትም የለ፤ መንዳት የማትችል ሴት ብቻ ትኖራለች። ይፋግ ሄጄ በአንገቴ ድንጋይ ተሸክሜ በሟች እናት ፊት ወድቄ «ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ» እንድል ተወስኖልኛል።

አባቴ እሺ ብሏል። አልፈረድኩበትም። እርቁ ካልወረደ ወንድሞቼ ይፋግ ገበያ መውጣት አይችሉም፤ ከአሁኑ በሬ የሚሸጡት ዞረው ሌላ ገበያ ሆኗል። ማታ ጠርቶኝ «ልጄ፣ አንገት መድፋት ውርደት አይደለም» አለኝ።

«የራሴ ጥፋት ቢሆን እደፋዋለሁ አባቴ።»

«የማን ነው?»

ዝም አልኩ። መሪጌታ ነው፤ ዝምታ ያነባል። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ አያየኝም።

ሽምግልናው የተቀጠረው ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው እሑድ ነው። እርስዎ ለሚካኤል እገባለሁ ብለዋል። ስለዚህ ይደርሳሉ። ሌላ ምንም አልጽፍም፤ እጠብቅዎታለሁ።

አመተ ሥላሴ

ሰመራ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአመተ ሥላሴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለቤተሰቡም። ለሚካኤል አልደርስም። ድንገት ጭነት ወጣብኝ። አዲስ መኪና ሰጥተውኛል፤ ከእንግዲህ በአዲስ አበባ መስመር ነኝ። ወደዚያ መቼ እንደምመጣ አላውቅም።

አትቆጪ፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ስለዚያ ቀን ደጋግሜ አስቤአለሁ። ካፊያው ጀምሮ ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ አጎንብሼ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስልኬ ጮኸ፤ አንለይ ነበር፣ «የት ቆመህ ነው?» እያለ ይጮህ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። አንሥቼው ይሆናል። ሌላ ሾፌር ያስቀመጠውም ይሆናል። በማላስታውሰው ነገር ምን ብዬ ልማል?

አንቺ ወጣት ነሽ። የተማርሽ ነሽ። መኪና ባትነጂ ቢሮ ትገቢያለሽ። እኔ ከመሪ በቀር የማውቀው የለኝም፤ ቤት አለኝ፣ የታመመች ሚስት አለችኝ። እርቁን ውሰጂው። አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል። ሰው ይረሳል። እኔም እስክሞት ውለታሽን አልረሳም።

ስለ እኔ የጠየቀ ሰው ካለ በአበረ ላኪልኝ።

ደሞዝ

ወረታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ደሞዝ፤

ጤና ይስጥልኝ። ገላነሽ ደኅና ናት፤ ትናንት ሐሙሲት ሄጄ አይቻታለሁ። ለምን እንደሄድኩ ወደ ታች ያነቡታል።

ስለ እርስዎ የጠየቀ ሰው አለ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ደብዳቤዎ አንድ ነገር ልበል። ከጎንደር መስመር እንዲያነሡዎት ድርጅቱን የጠየቁት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ አበረ ነግሮኛል። የጠየቁትም በነሐሴ፣ እኔ ገና ሳልጽፍልዎት ነው። የማያስታውስ ሰው መንገድ አይቀይርም።

እሑድ ይፋግ ሄድን። ሩዙ እየታጨደ ስለሆነ ሰው አይመጣም ብዬ ነበር፤ ማጭዱን እንደያዘ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሞልቶታል። በአንድ ወገን የሟች እናት ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ አጠገቧ ታላቅ ልጇ ዓለምነህ። በእኛ ወገን አባቴ፣ ወንድሞቼና አቶ አንለይ። መካከል ላይ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ቄስ ቢሻው። የምሸከመው ድንጋይ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«በይ ልጄ፣ አንሺና ግቢ» አሉኝ ቄስ ቢሻው።

«አላነሣም አባ።»

አንዲት ሴት «ወይ ድፍረት!» አለች። አቶ አንለይ «ነግሬአችሁ ነበር፣ እንዲህ ናት» ይላል። ቄሱም ሁለተኛ አዘዙኝ፤ ቆምኩ። እንደዚያ ቆሜ ልመለስ ነበር ያሰብኩት። ስምዎን ላለመናገር ወስኜ ነበር የሄድኩት፤ ይህን ያምኑኛል? እምቢ ብዬ ወጥቼ የመጣውን ልሸከም።

ከአጠገቤ አባቴ ጎንበስ አለ። የወደቀበትን ነገር የሚያነሣ መስሎኝ ነበር። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ ድንጋዩን አነሣ፣ በአንገቱ ላይ አደረገው። ሙሉ ዕድሜውን መቋሚያ ተደግፎ የቆመ ሰው ነው። «የልጄን እኔ ልውሰደው» ብሎ ወደ ወይዘሮ አገኘሁሽ መራመድ ጀመረ።  ወንድሞቼ መሬት መሬት ያያሉ።

ሮጬ ደረስኩበትና ድንጋዩን ከአንገቱ ወስጄ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተናገርኩ። ስለ ጎማው፣ ስለ ሁለተኛው መኪና፣ «ሂጂ፣ አነሣዋለሁ» ስላለኝ ሰው። አቶ አንለይ «ይህ ስም ማጥፋት ነው! ሁለተኛ መኪና የለም!» ብሎ ተነሣ። ወይዘሮ አገኘሁሽ ሳትዞር «አንተ ቁጭ በል። ያንተ ልጅ አልሞተም» አለችው። ተቀመጠ። በሕይወቴ ያ ሰው ሲታዘዝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ግን የጠየቀችኝንም አልጠበቅሁም።

«መኪናሽ መስታወት የለውም?»

«አለው።»

«ወደ ኋላ ያሳያል?»

«ያሳያል።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ለምን?»

እርስዎ ስለሆኑ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ሾፌር ቢሆን ወደ ኋላ እመለከት ነበር።  ለእሷ ግን «አመንኩት» ብቻ አልኳት።

 «እንግዲህ አንቺንም አልማርኩሽም» አለችኝ። «መስታወት ነበረሽ። ግን ገዳይ ነኝ በይ ብዬ ያልሠራሽውን አላስምልሽም። ሰውዬው ማን ነው?»

አባቴን አየሁት። አንገቱ ላይ ድንጋዩ በነበረበት ቦታ አፈር ቀርቷል፤ አላራገፈውም። ነገርኳት።

ዓለምነህ ተነሥቶ ወጣ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለውት ሮጡ። ሲመልሱት ሰዓት ወስዶባቸዋል፤ እንደተመለሰም አንገቱን አዙሮ ነው የተቀመጠው። እርቁ አልወረደም። እርስዎ እስኪመጡ ድረስ የሟች ወገን በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ ቄስ ቢሻው ገዝተዋል። ራሳቸው ሐሙሲት ድረስ መጥተው ይዘውዎት ይሄዳሉ፤ ብቻዎን እንዳይመጡ። እኔም ትናንት ገላነሽ ዘንድ የሄድኩት ከሰው አፍ ከምትሰማው ብዬ ነው። ስነግራት እያጎረሰችኝ ነበር። እጇን አልሰበሰበችም፤ የያዘችውን አጉርሳኝ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ጠብቄአት ሳትወጣ ተነሥቼ መጣሁ።

መንጃ ፈቃዴ እስካሁን እንደተያዘ ነው። ሩዝ አጨዳ ላይ ነኝ፤ የቀን መቁጠሪያዋ ልጅ መጣች እያሉ ይስቁብኛል። አባቴ ግን ማታ እራት ላይ አየኝ። አንገቱ ላይ ሰንበር አለ።

ይቅርታ እንድጠይቅዎት የሚጠብቁ ከሆነ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አያገኙትም። ስምዎን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ደሞዝ» ስላቸው «የቱ ደሞዝ?» አሉኝ፤ በዚህ መስመር ብዙ ደሞዝ አለ። የአባትዎንም ስም ጨምሬ ነገርኳቸው፤ ሌላ ሰው በእርስዎ ፋንታ እንዳይጠየቅ።

አመተ ሥላሴ ተክለ ማርያም